የአባዬ ቴፕ እና የእኔ እግሮች

መጀመሪያ የጠፋብኝ ጫማዬ ነው። ሰመራ፣ ከአክስቴ ከዘሃራ ቤት ጥግ ካለው ሱቅ ሳሙና ገዝቼ ስመለስ አንዲት ሴት ከኋላዬ ጠራችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ጫማሽን ጥለሽ ወዴት ነው?» ዞር ስል የግራ እግሬ ነጠላ ጫማ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ አስፋልቱ ላይ ቀርቷል። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ሰዓቱ እኩለ ቀን። የሰመራን አስፋልት በሐምሌ ፍየል እንኳ ጥላ ፈልጋ ነው የምትሻገረው። እኔ ግን በባዶ እግሬ ሃያ እርምጃ ሄጄበት ምንም አልተሰማኝም። ሳቅኩ። ሴትየዋም ሳቀች። ዛሬ ትዝ ሲለኝ የሚያስደነግጠኝ ያ ሳቅ ነው።

ሀያት እባላለሁ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ቤታችን አዋሽ ሰባት ነው። እማዬ እዚያ ቁርስ ቤት አላት፤ አባዬ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነው። ሰመራ የሄድኩት ክረምቱን ከአክስቴ ጋር ላሳልፍ ነበር። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ እግራቸው ድንገት ለከዳቸው፣ ወይም እንደዚያ ያለ ሰው አልጋ አጠገብ ለተቀመጡ ነው። እኔ ተኝቼ ሳለሁ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ስለዚህ ያየሁትን በቅደም ተከተሉ እነግራችኋለሁ። መሃል ላይ ሬጌ ይገባል፣ አትገረሙ።

በሁለተኛው ቀን የእግሬን ጣቶች ጉንዳን የወረራቸው መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤት ቁጢጥ ካልኩበት መነሳት አቃተኝ፤ ግድግዳ ይዤ ተነሳሁ። አክስቴ «ሙቀቱ ነው፣ ውሃ ጠጪ» አለችኝ። ጠጣሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ውሃውን የያዝኩበት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። አክስቴ የተሰበረውን ብርጭቆ አየች፣ እጄን አየች፣ ከዚያ ሻርፗን ጣል አድርጋ ባጃጅ ልትጠራ ወጣች።

ሆስፒታል የተቀበለን ወጣት ሐኪም ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ። እግሬ አልተነቃነቀም። ሌላኛውን መታ። ዝም።

«ባለፈው ወር ተቅማጥ ይዞሽ ነበር?» አለኝ።

«አዎ፣ አዋሽ እያለሁ። አራት ቀን።»

አክስቴ አላስችል አላት። «ዶክተር፣ እኛ የመጣነው ስለ እግሯ ነው፤ ስለ ሆዷ አይደለም።»

«ሁለቱ ሳይተዋወቁ አይቀሩም» አላት።

ከጀርባዬ ፈሳሽ ወስደው መረመሩ። ከዚያ ሐኪሙ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ለአክስቴ ብቻ ሳይሆን ለእኔም ስለነገረኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። «ጊላን ባሬ ሲንድረም ይባላል። ሰውነትሽ የተቅማጡን ጀርም ሲዋጋ ተሳስቶ የራስሽን ነርቮች መታ። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ የተጎዳው በላዩ ያለው ሽፋን ነው። ሽፋኑ ተመልሶ ይበቅላል። ግን ገና ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ የት እንደሚቆም አላውቅም። እኔ የምጠብቀው ትንፋሽሽን ነው።»

ትንፋሽ የሚለካው እንዲህ ነው። በረጅሙ ትስባላችሁ። ከዚያ ሳትደግሙ፣ በአንዱ ትንፋሽ፣ እስከምትችሉት ትቆጥራላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሠላሳ አንድ ቆጠርኩ። በማግስቱ ሃያ ሁለት። ከዚያ አሥራ አምስት። እግሬ የለም። እጄ የለም። ፊቴ ግማሹ አይስቅም። ሐኪሙ ከአሥር በታች ከወረደ ማሽን እንደሚተነፍስልኝ ነገረን። በማግስቱ አሥራ አንድ ቆጠርኩ።

አሥራ አንድ።

አባዬ የደረሰው ያን ቀን ነው። በጅቡቲ መንገድ ላይ፣ ዲቾቶ እያለ ነው የተደወለለት። በሥራ ልብሱ፣ ላቡ ሳይደርቅ ገባ። አላለቀሰም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና የማይሰማኝን እግሬን በሁለት እጁ ያዘው። ከዚያ በአውራ ጣቱ የአልጋውን ብረት ቀስ አድርጎ ይመታ ጀመር፤ የምናውቀውን ምት። በልጅነቴ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦኝ ሲሄድ የሚያሰማኝ ካሴት ላይ ያለው ሁለተኛው ዘፈን ነው። መዝፈን አልቻልኩም። እሱም አልዘፈነም። ብረቱ ብቻ።

በማግስቱም አሥራ አንድ ነበር። በሦስተኛውም ቀን አሥራ አንድ። ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ቆሟል» አለ። ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለውን መድኃኒት የአባዬ ጓደኞች፣ የመስመሩ ሹፌሮች፣ ከአዳማ በበረዶ ሳጥን ተቀባብለው አምጥተውልኝ ነበር፤ በአምስት ቀን በደም ሥሬ ገባ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ቆጠርኩ፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ አራት። ሃያ አራት ስል አጠገቤ የተኙት እናት «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ለካ እሳቸውም አብረውኝ ሲቆጥሩ ነበር።

ከወር በላይ ተኝቼ ወደ አክስቴ ቤት ስመለስ ሐኪሙ አንድ ነገር አጥብቆ ነገረን። «ከተሻላት በኋላ ድካሙ እንደገና ከጀመረ አንድ ቀን አትቆዩ። አልፎ አልፎ የሚመለስባቸው ሰዎች አሉ።» ይህ ቃል ቤታችን ውስጥ እንደ አንድ ሰው ኖረ። እማዬ ቁርስ ቤቱን ዘግታ ከአዋሽ መጥታ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከሰላምታዋ በፊት የምትጠይቀኝ «ጣትሽን አንቀሳቅሺ እስቲ» ነበር።

ማገገም ረጅም ነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሰልቺም ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ሞሚና የምትባል የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ጋ እሄዳለሁ። ሞሚና የጎረቤት ከተማው የሎጊያ ልጅ ናት፣ አፋር፣ ረጅም፤ ሰው ሁሉ ዶክተር ይላታል፣ እሷ ደግሞ በየቀኑ ዶክተር እንዳልሆነች ታስረዳለች፣ የሚሰማት የለም። በሁለት ብረቶች መካከል አቁማ እንደ ሕፃን መራመድ አስተማረችኝ። ለጣቶቼ ደግሞ በቀን አንድ ገጽ እንድጽፍ አዘዘችኝ። «ምን ልጻፍ?» ስላት «የፈለግሽውን፤ እኔ የማየው ጣትሽን ነው፣ አላነበውም» አለችኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን እየደበቀች ስታነብ ያዝኳት። መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት በዚያ ነው።

ቤት ውስጥ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። በአክስቴ በረንዳ፣ ከበሩ እስከ ውሃው በርሜል አሥር እርምጃ ናት፤ ዎከሬን፣ ባለ አራት እግር መደገፊያዬን፣ ይዤ ሦስተኛው ላይ እቆም ነበር። ጉልበት አጥቼ አይደለም። ቀጣዩ እግር መቼ መነሳት እንዳለበት ስለሚጠፋኝ ነው። ጤነኛ ሰው ይህን አያስበውም፤ ያሰበው ቀን ይወድቃል።

አባዬ ከጅቡቲ ሲመለስ ይህን አየ። በሚቀጥለው ጉዞው ሎጊያ ላይ ቴፑን ከመኪናው አስነቅሎ፣ ኤሌክትሪሺያኑ በፕላስቲክ የለስላሳ ሳጥን ውስጥ ከነስፒከሩ ገጥሞለት፣ በግድግዳ መብራት እንዲሠራ አድርጎ ይዞት መጣ። የሠላሳ ዓመት ቴፕ ነው። ካሴቷም አንድ ናት፣ የድሮ የጃማይካ ሬጌ፣ ሽፋኗ የጠፋ። በዚህች ካሴት ምክንያት ሹፌሮቹ አባዬን «አሊ ጃማይካ» ይሉታል።

እማዬ ሳጥኑን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «አሊ፣ በሽተኛ ያለበት ቤት ቁርአን ነው የሚቀራው። ዘፈን ታመጣለህ?»

«ቁርአኑም ይቀራ፣ ይሄም ይሥራ። ይሄ ዘፈን አይደለም፣ ማርሽ ነው።»

«የምን ማርሽ?»

«ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ በምን ይሄዳል? በከባድ ማርሽ። አይቸኩልም፣ ግን አይቆምም። አዳምጪው እስቲ።»

ከፈተው። ሦስት ጊዜ ከበሮ መታ፣ ከዚያ ቤዝ ጊታሩ ገባ፤ ያ ወፍራም፣ ሆድ ውስጥ የሚገባ ድምፅ። ሬጌን ለማታውቁ ላስረዳችሁ። ሌላ ሙዚቃ እግራችሁን ይጠራዋል፤ ሬጌ ግን እግራችሁ ካረፈ በኋላ ቦታ ይተውላችኋል። ጊታሩ ቻክ የሚለው እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ነው። እግር ያርፋል፣ ቻክ፣ ሌላው እግር ይነሳል። እንግሊዝኛውን ብዙ አልይዘውም፤ አባዬ ዘፈኑ ሁሉ ስለ መንገድ ነው ይላል፣ እሱም አይዘውም። ግን ሰውየው ስለ ችግር እየዘፈነ እንኳ ድምፁ ውስጥ የሆነ ፈገግታ አለ፤ የቤቱን ግድግዳ በኖራ አዲስ የተቀባ የሚያስመስል ዓይነት። ሽማግሌ መሆን አለበት እንል ነበር፤ ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው።

ያን ቀን ከበሩ እስከ በርሜሉ ደረስኩ። በሁለተኛው ሳምንት ዎከሩን ትቼ በግድግዳው ብቻ ሄድኩ። ካሴቷ አንድ ቀን ተጠላልፋ ስትወጣ፣ ቁጭ ብላ በእስክሪብቶ ያጠነጠነቻት እማዬ ናት፤ ማንም አላዘዛትም። «ፈጠን በይ» አለችኝ አጠንጥና ስትጨርስ፣ «ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ አንድ ዙር ሄደሽ አሳዪኝ።»

ሞሚና በሙዚቃ እንደምለማመድ ስነግራት ደስ አላት። ዘፈኑን አንጎራጉሬላት በስልኳ ቀዳችኝ። ለወንድሟ አሰማችው፤ እሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ወዲያው አወቀውና ስልኳ ላይ ጫነላት። በቀጣዩ ቀጠሮዬ ሞሚና ስጦታ እንደያዘ ሰው እየሳቀች ጠበቀችኝ። «ዛሬ እዚህም በዘፈንሽ ነው የምትሄጅው።»

በብረቶቹ መካከል ቆምኩ። ከበሮው ሦስት ጊዜ መታ።

ቀኝ እግሬን አነሳሁ። ሳላሳርፈው ምቱ አለፈኝ። ግራውን ላስከትል ስል ሁለቱ ተጠላለፉ። ጉልበቴ ታጠፈ። ሞሚና ያዘችኝ።

«ምንም አይደል፣ እንደገና።»

እንደገና ወደቅኩ። ሦስተኛ ጊዜም።

ተመለሰ፣ አልኩ በልቤ። ሐኪሙ ያለው ነገር መጣ። ማልቀስ ጀመርኩ። እያለቀስኩ ትንፋሼን ስቤ ቆጠርኩ። አሥራ አራት። ያለፈው ሳምንት ሠላሳ ሦስት ነበር። አሥራ አራት። እማዬ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ስትገባ ፊቴን አየችውና ቆመች። ያን ፊቷን አልገልጸውም።

ሐኪሙ ተጠራ። መዶሻውን አወጣ። እግሬን ይዞ «ግፊኝ» አለኝ፣ ገፋሁት። «ሳቢኝ» አለኝ፣ ሳብኩት።

«ጉልበትሽ ካለፈው ሳምንት ይሻላል።»

«ታዲያ ለምን ወደቅኩ?»

«አላውቅም» አለኝ። «ማልቀስ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ የቆጠርሽውን አልቀበልም። ግን ዛሬ እዚሁ ትቆያለሽ።»

አልጋው ያው አልጋ ነበር ማለት ይቻላል። ጣራውን አውቀዋለሁ። እማዬ ለአባዬ ደወለች፤ ከሰመራ ብዙ የማይርቀው ሰርዶ ደርሶ ነበር። ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ግን ባዶ እጁን አልመጣም። በአክስቴ ቤት በኩል አልፎ ሳጥኑን በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ሌላ የሚያመጣው ነገር አልታየውም። ሶኬት ፈልጎ ሰካና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከፈተው።

ሞሚና ከሐኪሙ ጋር በር ላይ ቆማ ነበር። አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘፈኑ ነዋ» አልኳት።

«የትኛው ዘፈን?»

«ያንቺው። ጠዋት የከፈትሽው።»

ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ካሴቱን ወደ ዘፈኑ መጀመሪያ መለሰች፣ ስልኳን ከሳጥኑ ጎን አስቀመጠች፣ ሁለቱን እኩል ከፈተቻቸው። ሦስቱ የከበሮ ምቶች ላይ አብረው ናቸው። ከዚያ ስልኩ ቀደመ። አንዱ ቤት አልቆ ሌላው ሲጀምር የአባዬ ቴፕ ገና ጥሎት የሄደውን ይዘፍናል። ስልኩ ዘፈኑን ጨርሶ ዝም ሲል የእኛው ሽማግሌ ሳይደናገጥ ቀጠለ፤ እስኪጨርስ አምስታችንም ጠበቅነው።

አባዬ ወደ ስልኩ ጠቆመ። «ይሄኛው ልጁ ነው። አባትየው ይሄ የኛው ነው።»

«አባባ፣ አንድ ሰው ነው» አለችው ሞሚና። «ያንተ ቴፕ ነው የሚጎተተው።»

«አይሆንም። ይሄ እኮ ወጣት ነው።»

«ያኔ ወጣት ነበራ።»

አባዬ አገጩን ይዞ አሰበ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ይሄ ሽማግሌ፣ አላህ ጤናውን ይስጠው እያልኩ ዱዓ ሳደርግለት ኖርኩ።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «የሎጊያው ኤሌክትሪሺያን ነግሮኝ ነበር። በሙቀት ብዛት ካሴቱን የሚያዞረው ላስቲክ ላልቷል፣ ልቀይረው አለኝ። ጥሩ እየሠራ ነው፣ አትንካው አልኩት።»

መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት፤ በሻርፗ አፏን ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ሐኪሙ ቴፑን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ «እንግዲህ በሽተኛው እሱ ነው፣ እናስተኛው?» አለ። እኔም ሳቅኩ፤ በሁለቱም የፊቴ ግማሽ።

ሞሚና ያን ቀን ያስረዳችኝን በማግስቱ ገጼ ላይ ቃል በቃል ጻፍኩት። «ነርቭሽ እየበቀለ ነው እንጂ አልጨረሰም። ከራስሽ ወደ እግርሽ የሚወርደው ትእዛዝ ገና ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው። ጤነኛ ሰው በሚሄድበት ፍጥነት ብንጀምርሽ ኖሮ በየቀኑ ትወድቂ ነበር። የአባትሽ ቴፕ ግን ሳያውቅ ሲጠብቅሽ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሥራችን ተቀየረ። ሞሚና ስልኳ ላይ የዘፈን ፍጥነት የሚቀንስና የሚጨምር ነገር አገኘች። መጀመሪያ ከአባዬ ቴፕ ጋር እኩል አደረገችው፤ በዚያ ፍጥነት ብረቱን ሳልይዝ ሃያ ጊዜ ስመላለስ ትንሽ ትጨምራለች፣ አንድ ሳምንት እዚያ እንቆያለን፣ እንደገና ትንሽ። አንዳንድ ሳምንት ወደ ኋላ እንመለስ ነበር፣ በተለይ ጉንፋን የያዘኝ ጊዜ፣ ያኔም ማንም ፊቱን አላጠቆረብኝ። ድምፁ በየጊዜው እየቀጠነ፣ ሽማግሌው ወር በወር ልጅ እየሆነ ሲመጣ እኔ በበረንዳው ላይ፣ ከዚያ በግቢው፣ ከዚያ እስከ ሱቁ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ። አክስቴ ከመሥሪያ ቤት ስትመለስ ከሰላምታ በፊት «ዛሬ ስንት ዓመቱ ሆነ?» ትለኛለች፤ «አርባ አካባቢ» እላታለሁ።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት፣ ሰመራም ለሰው በምታዝንበት በዚያ ቀዝቀዝ ባለ ወር፣ ዘፈኑን በትክክለኛ ፍጥነቱ ከፍተን ከበሩ እስከ በርሜሉ፣ ከበርሜሉ እስከ በሩ ሄድኩ። አልወደቅኩም። ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ነገር ገባኝና ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለች እማዬ ደንግጣ።

«እማዬ፣ ይሄ ዘፈን ለካ የሚያስጨፍር ነው።»

ዕድሜ ልኬን የማውቀው ዘፈን ነው፣ እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር። አክስቴ ለሥራ የያዘችውን ቦርሳ አስቀምጣ ወገቧን ያዘች። ጨፈርን። እኔ ግድግዳ ነካ እያደረግኩ፣ እሷ ሰዓቷን እያየች። እማዬ አልጨፈረችም፤ ግን የበርሜሉን ክዳን በጣቶቿ ስትመታ በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ብትክድም።

አሁን አዋሽ ተመልሻለሁ። ዓመቱን ትምህርት አቋርጬ ስለነበር ከታናናሾቼ ጋር እማራለሁ፣ ግድ የለም። ቴፑም ወደ መኪናው ተመልሷል፤ ላስቲኩ እንደላላ ነው። አባዬ በስልክ ያለውን አልጠላውም፣ ግን ለዳገት አይሆንም ይላል።

ለታመማችሁት የምለው ይህን ነው። የእግር መደንዘዝ ወደ ላይ ከወጣ ውሃ ጠጥታችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ቀደም ብሎ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ይዟችሁ ከነበረ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ አቅልላችሁ አትዩት። ድንገት ብትወድቁም ሁልጊዜ በሽታው ተመልሶ አይደለም፤ ግን ያንን የሚለየው ሐኪሙ ነው፣ አሳዩት። አስታማሚዎች ደግሞ፣ «አይዞሽ፣ ፈጠን በይ» ከማለታችሁ በፊት በሽተኛው ምን ያህል መሄድ እንደሚችል እዩ። ሙዚቃ የሚወድ ከሆነ ቀስ ያለውን ምረጡለት። መንዙማም ይሁን፣ ሬጌም ይሁን፣ እግር የሚያርፍበት ቦታ ያለው ይሁን።

ያን ወጣት ሐኪም፣ ሞሚናንና ወንድሟን፣ የበረዶ ሳጥኑን የተቀባበሉትን ሹፌሮች፣ አብረውኝ የቆጠሩትን እናት፣ አክስቴን፣ እማዬንና አባዬን አላህ ይስጣቸው። ስሙን የማላውቀውን ያንን ዘፋኝም፣ በየትኛውም ዕድሜው።

ግራ እግሬ አሁንም ትንሽ ይዘገያል። እጠብቀዋለሁ።